መዝገቡ የማን ነው? ስለ ወጣቱ፣ ስለ ምርጫ ካርድና ስለ ስደተኛው ተማሪ

«ወጣቱ አይመርጥም» የሚለው ክስ ዛሬ ከሁለት ተቃራኒ ጎራዎች በአንድ ድምፅ ይሰማል። አንደኛው ጎራ ሥልጣን ላይ የተቀመጠው ነው። ይህኛው፣ ወጣቱ በጫትና በስልክ ተጠምዶ የአገሩን ጉዳይ ችላ ብሏል እያለ ጥፋቱን ሁሉ በልጆቹ ራስ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው ጎራ በዕድሜ የሚቀድመን፣ በስደት የሚኖረው የትግል ትውልድ አንዱ ክፍል ነው፤ እርሱ ደግሞ «በእኛ ጊዜ ተማሪ ማለት…» ብሎ ይጀምርና የዛሬውን ወጣት ወኔ ቢስ አድርጎ ይጨርሳል። በሁለቱ መካከል፣ አለመምረጥን እንደ ጀግንነት የሚቆጥር፣ ምርጫ ሁሉ ቲያትር ነው ብሎ ነገሩን የዘጋ ሦስተኛ ወገን አለ። ይህኛው በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ብዙ ጭብጨባ ያገኛል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከሦስቱም ጋር ነው። ሦስቱም አንድ ጥያቄ ይዘሉታልና፤ የወጣቱን ስም በመዝገብ የሚጽፈው ማን ነው? ከተጻፈስ በኋላ መዝገቡ ወዴት ይሄዳል?

ከምንኖርበት ከሳክሰንሃውሰን እንነሣ። (በርሊን አጠገብ ኦራንየንቡርግ ላይ ናዚዎች ያቆሙት የማጎሪያ ካምፕ በስም ቢመሳሰልም ሌላ ነው፤ የእኛው ሳክሰንሃውሰን ከማይን ወንዝ በስተ ደቡብ ያለው፣ በፖም ጠጁና በጠባብ መንገዶቹ የሚታወቀው የፍራንክፈርት ሰፈር ነው።) ከዚህ ሰፈር ተነሥቶ «አይዘርነር ሽቴግ» የተባለውን የእግረኞች የብረት ድልድይ የተሻገረ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከፓውልስኪርኸ ደጃፍ ይደርሳል። በሕዝብ የተመረጠው የመጀመሪያው የጀርመን ብሔራዊ ጉባኤ እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1848 የተከፈተው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው። አገር ጎብኚው ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል፤ ለእኛ ግን ከሕንጻው ይልቅ የምርጫው ደንብ ብዙ ያስተምራል። ደንቡ ለአካለ መጠን የደረሰና «ራሱን የቻለ» ወንድ ሁሉ ይምረጥ ይል ነበር። «ራሱን የቻለ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ የመወሰኑ ሥልጣን ግን ለየግዛቶቹ መንግሥታት ተተወ። ብዙዎቹ በዚያች ቃል ተጠቅመው የቤት አሽከሩን፣ የቀን ሠራተኛውን፣ ከድኾች መርጃ የሚቀበለውን ሰው ከመዝገብ ፋቁት። ሴቶችማ ከመጀመሪያውም አልታሰቡም። መብቱ በአዋጅ ተሰጠ፣ በምዝገባ ተወሰደ። ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 1833፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች የሆኑ አመፀኞች በዚሁ ከተማ የሀውፕትቫኸንና የኮንስታብለርቫኸን የጥበቃ ቤቶች አጥቅተው፣ ሕዝቡ ይከተለናል ብለው ጠብቀው፣ በወታደር ተበተኑ። ዛሬ በነዚያ ሁለት ስሞች የምድር ባቡር እንቀያይርባቸዋለን።

የእኛም አገር ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ፈቀደ፤ ምርጫውም በ1950 ዓ.ም. ተካሄደ። ነገር ግን ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ መራጩ 21 ዓመት የሞላው፣ ተመራጩ በሚወዳደርበት ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላትም በንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር። መሬት የሌለው ገበሬ ባለመሬቱን መርጦ ወደ አዲስ አበባ ይልካል ማለት ነው። የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ምክር ቤቱ የተሰለፉት ምክር ቤቱን ስለ ናቁ አልነበረም፤ በውስጡ የጭሰኛው ጉዳይ ሲነሣ የጭሰኛው ወኪል እንደሌለ ስለሚያውቁ ነበር። ብዙዎቹ ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ነበሩ። «በእኛ ጊዜ» የሚሉን ታላላቆቻችን ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነበር፤ የእነርሱም ትውልድ በካርድ የታገለ ትውልድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለጉዳያችን ዋናው ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ በዚያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለትም ቀበሌ፣ ተቋቋመ። ቀበሌ በመሠረቱ ሕዝቡ ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበት ይሆናል የተባለ ድርጅት ነበር፤ ብዙ ተራማጆችም ይህን ተስፋ አድርገውበታል። ከሁለት ዓመት ያልበለጠ ጊዜ ወሰደ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የቤት ለቤት አሰሳው ሲካሄድ የቀበሌው መዝገብ የአሳሹ መሣሪያ ሆነ። በዚያ መዝገብ ላይ የተጻፈ ወጣት የት እንደሚገኝ ይታወቃል፤ ያልተጻፈው ደግሞ ስላልተጻፈ ይጠረጠራል። ስኳሩና ጨውም የሚገኘው በዚያው በቀበሌው ሱቅ፣ በዚያው መዝገብ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጣ። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት እንዲመዘገብ፣ ስድስት ወር ሠልጥኖ ሁለት ዓመት እንዲያገለግል ታዘዘ። መዝጋቢው ማን ነበር? በከተማ ቀበሌው፣ በገጠር የገበሬ ማኅበሩ። አሥራ ስምንት ዓመት መሙላት ማለት ለአንድ ትውልድ ይህ ነበር፤ እናቶች የልጆቻቸውን ዕድሜ የሚቀንሱበት፣ ወጣቱ አፈሳን ፈርቶ ከአክስቱ ቤት ወደ አጎቱ ቤት የሚያድርበት ዘመን። ይኸው መዋቅር ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ያንኑ ሕዝብ ለሕገ መንግሥት ውሳኔ ድምፅ እንዲሰጥ ጠራው፤ 81 ከመቶ ያህሉ ደገፈ ተባለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል ያገራችን ሰው። ወላጆቻችን በመዝገብ ፊት የሚበረግጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ያን ፍርሃትም ለእኛ ሳያወርሱን አልቀሩም። ይህን ፍርሃት «የዜግነት ንቃት ማነስ» ብሎ በሥልጠናና በፖስተር ሊያክመው የሚነሣ ሁሉ በሽታውን አላወቀም።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በዚህ በጀርመን ምን እንደ ሆነ ማነጻጸር ይገባል። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት የሕዝብ ቆጠራ ሊያካሂድ ተነሣ። ከቆጠራው የሚገኘው ዝርዝር የነዋሪዎችን መዝገብ ለማረምም ይውላል ተባለ። ሕዝቡ፣ በተለይም ወጣቱ፣ አንቆጠርም አለ። ናዚዎች መዝገብን ለምን እንደ ተጠቀሙበት የሚያስታውስ አገር ነውና የፍርሃቱን ምንጭ የሚጠይቅ አልነበረም። በካርልስሩኸ የሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዲሴምበር 15 ቀን 1983 በሰጠው ፍርድ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚሰጠው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ እንጂ ለሌላ እንዳይውል ከለከለ፤ ለስታቲስቲክስ የተሰበሰበውን ለመዝገብ ማረሚያ መስጠቱንም ሻረ። ቆጠራው እንደገና ተዘጋጅቶ የተካሄደው በ1987 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዱ አገር መዝገቡን ከመንግሥት እጅ በሕግ ሲያጥር፣ ሌላው በመዝገብ ልጆቹን ወደ ጦር ግንባር ይጭን ነበር። የሁለቱ አገር ወጣቶች ልዩነት በፍርሃቱ ሳይሆን ፍርሃታቸውን የሚሰማ ፍርድ ቤት በመኖሩና ባለመኖሩ ላይ ነው።

አሁን «ወጣቱ ግድ የለውም» ወደሚለው ክስ እንመለስ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምን ሆነ? ከንጋት በፊት የተሰለፈው፣ ፀሐይና ዝናብ ሳይል እስከ ሌሊት የቆመው ማን ነበር? ያን ቀን ሌላ ውጤት ሊወጣ ይችላል የሚል እምነት ስለ ነበረ ወጣቱ ቀበሌውንም፣ መታወቂያውንም፣ ሰልፉንም ችሎ መረጠ። ይፋ በሆነው ውጤት ኢሕአዴግ ከ547ቱ መቀመጫ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አገኙ። ውጤቱን በመቃወም ለወጣው ሕዝብ የተሰጠው መልስ ጥይት ነበር። ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችን መገደል መዝግቧል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችም ደዴሳን በመሰሉ ካምፖች ታጎሩ። ከዚያ በ2002 ዓ.ም. ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 545 መቀመጫ፣ በ2007 ዓ.ም. 547ቱን በሙሉ ወሰዱ። ሙሉውን ምክር ቤት ያገኘው መንግሥት አንድ ዓመት ተኩል ሳይሞላው፣ መስከረም 2009 ዓ.ም.፣ በኦሮሚያና በአማራ ወጣቶች አመፅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። በካርዱ ላይ ስፍራ ያጣው ጥያቄ በጎዳናው ላይ ተገኘ። ይህ ወጣት ግድ የለሽ ነው የሚል ሰው የትኛውን አገር እንደሚያይ አናውቅም።

እስቲ ደግሞ ሕጉንና አሠራሩን እንይ። ዛሬ ምርጫውን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ነው። መራጭ ኢትዮጵያዊ፣ በምዝገባው ቀን 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉም ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። በወረቀት ላይ ይህ ቀላል ነገር ነው። ለማን ነው የሚቀለው? ቤት ላለው፣ ትዳር ለያዘ፣ ከአንድ ቦታ ለማይነቃነቅ ሰው። ወጣቱ ግን በተፈጥሮው ተንቀሳቃሽ ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ አዲስ አበባ የግንባታ ሥራ የገባ ልጅ አንድ ክፍል ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። መታወቂያ ለማውጣት ከለቀቀው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልገዋል፤ በገባበትም የሚቀበለው ባለቤት። ብዙ አከራይ ደግሞ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ተከራዩን ማስመዝገብ አይወድም። የቤት ሠራተኛዋ እኅታችን በአሠሪዋ የቤተሰብ ቅጽ ላይ ካልሰፈረች የለችም። ስድስት ወር ሳይሞላ አከራዩ ዋጋ ጨምሮ ልጁን ካስወጣው፣ አዲሱ ሰፈር ሌላ የምርጫ ክልል ከሆነ፣ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። በአገራችን ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ከ20 ዓመት በታች ነው፤ በየዓመቱ ለምርጫ የሚደርሰው ወጣት ብዛት ሲታሰብ፣ ይህ የወረቀት ጉዳይ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

እውነቱን ላለመደበቅ፣ አዋጁ መታወቂያ ለሌለው ሰው በምስክር የሚመዘገብበትን በር አልዘጋም፤ ለተፈናቃዮችና ለሌሎችም ልዩ የምርጫ ጣቢያ እንዲኖር ያስባል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ለተካሄደው 6ኛ ጠቅላላ ምርጫም ከ37 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ ተመዝግቧል፤ ይህን የካደ ክርክር ሩቅ አይሄድም። ነገር ግን ያው ምዝገባ መጀመሪያ ቀዝቅዞ፣ ጊዜው ተራዝሞ የተሞላ መሆኑን፣ በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ጨርሶ ምርጫ እንዳልነበረ አብሮ መናገር ግድ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ በቁጥሩ ውስጥ ያልገባው ማን እንደ ሆነ ግን ቁጥሩ አይነግረንም።

እዚህ ላይ አንዳንዶች «ጀርመንም እኮ የአከራይ ወረቀት ይጠይቃል» ይሉናል። እውነት ነው። ሳክሰንሃውሰን ውስጥ ክፍል የተከራየ ተማሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ «አንሜልዱንግ» መፈጸም፣ የአከራዩንም ማረጋገጫ ማቅረብ አለበት። ልዩነቱ አከራዩ ያን ወረቀት እንዲሰጥ ሕግ የሚያስገድደው መሆኑ ነው፤ ተከራዩ አይለምንም። አንዴ ከተመዘገበ ደግሞ ለምርጫ ሁለተኛ ምዝገባ የለም፤ መብት ያለው ሰው የምርጫ ጥሪ በፖስታ ይደርሰዋል። ይህን ስንል የጀርመንን መዝገብ ቅዱስ ማድረጋችን አይደለም። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ስደተኛ ወደ መንግሥት ቢሮ ከቀረበ ቢሮው ለውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ሕጉ ያዛል፤ ስለዚህ ያ ሰው አይመዘገብም፤ በዚህም አገር ቢሆን የፍርሃቱ ሥር አንድ ነው።

የምርጫ ጥሪ በፖስታ መምጣቱም ብቻውን በቂ አለመሆኑን ፍራንክፈርት ራሷ ታሳያለች። በሄሰን ግዛት ሕግ መሠረት የውጭ አገር ዜጎች የሚመርጡት አማካሪ ምክር ቤት አለ፤ በከተማችን «ካ-አ-ፋው» በሚል ምሕጻር ይጠራል። የአዲስ አበባም፣ የአንካራም፣ የካቡልም ልጅ ዜግነት ሳይጠየቅ ይመርጣል። በ2015 እ.ኤ.አ. ምርጫ ከአሥር መራጮች አንዱ እንኳ አልወጣም። በሩ ክፍት፣ ምዝገባው ያለ ድካም፣ መራጩ ግን የለም። ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ምክር ቤቱ ይመክራል እንጂ አይወስንም። ሽሌስቪግ-ሆልሽታይንና ሀምቡርግ ለውጭ ዜጎች እውነተኛ የአካባቢ ምርጫ መብት ሊሰጡ ቢሞክሩ የካርልስሩኸ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 31 ቀን 1990 ሽሮባቸዋል፤ ያው በ1983 ያመሰገንነው ፍርድ ቤት። ስለዚህ የ1997ቱን የአዲስ አበባ ሰልፍና የ2015ቱን የፍራንክፈርት ባዶ ጣቢያ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ወጣት የካርዱን ክብደት መዝኖ ያውቃል። ከባድ ሲሆን በመከራም ያነሣዋል፤ ቀላል ሲሆን በፖስታ ቢላክለትም አይከፍተውም።

ስለ ራሳችን ስለ ስደተኞቹ ምን እንበል? እስከ 6ኛው ምርጫ ድረስ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ባለበት ሆኖ ድምፅ የሰጠበት ጠቅላላ ምርጫ የለም። አይቻልም የሚሉን አሉ። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በኤርትራ ነጻነት ላይ ድምፅ ሲሰጥ፣ ገና ከጦርነት የወጣ፣ በጀት የሌለው ጊዜያዊ አስተዳደር በብዙ አገሮች፣ በጀርመንም ጭምር፣ ለስደተኛው ሕዝቡ ሣጥን አቁሟል። ጎረቤቶቻችን ቱርኮችም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጀርመን ከተሞች ይመርጣሉ። አይቻልም ሳይሆን አይፈለግም ነው።

ሲፈለግማ እንዴት እንደሚቻል በዓይናችን አይተናል። ጥቅምት 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ፍራንክፈርት ሲመጡ፣ ከሳክሰንሃውሰን ወደ ደቡብ ምዕራብ በከተማው ደን ውስጥ ባለው ስታዲየም በብዙ ሺህ የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ ከመላው አውሮፓ በአንድ ቀን ተሰበሰበ። አውቶቡስ ተገኘ፣ አስተባባሪ ተገኘ፣ ስታዲየም ተገኘ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በቀን አንድ ዶላር እንድናዋጣ ተጠይቀን ነበር፤ ለዶላሩ የሒሳብ ቁጥር ወዲያው ተዘጋጀ። ለድምፃችን ግን አንድ ሣጥን፣ አንድ መዝገብ፣ በቆንስላ ግቢ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አልተገኘም።

ከዚህም የከፋ ወጥመድ አለ። ጀርመን ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው አዲስ የዜግነት ሕግ አምስት ዓመት የኖረ ሰው፣ የቀድሞ ዜግነቱን ሳይጥል፣ ጀርመናዊ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጥራል። እዚህ ድምፅ ያገኘ እዚያ ያጣል። ከዚያም ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፤ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ባለ ካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ገንዘቡን ያፈስሳል፣ ቤት ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን ተለይቶ ተከልክሏል። በሌላ አነጋገር ሕጉ የስደተኛውን ኪስ ዜጋ አድርጎ ራሱን እንግዳ አድርጎታል። ዜግነቱን የጠበቀውስ? እርሱም ስድስት ወር በምርጫ ክልሉ አልኖረምና ከመዝገብ ውጭ ነው። አንዱን መንገድ የሄደም ሌላውን የሄደም ከአንድ ግድግዳ ጋር ይጋጫል።

ለዚህ ነው «ምርጫውን እንከልክል፣ አንምረጥ» ለሚሉት ጓዶቻችን በብርቱ የምንመልሰው። ማዕቀብ የትግል ስልት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ማዕቀብ ማድረግ የሚችለው ካርዱ በእጁ ያለ ሰው ነው። ካርድ የሌለው፣ ስሙ ያልተጻፈ ወጣት ምኑን ይነፍጋል? ገዢው ያልተመዘገበውን ከፍርሃተኛው፣ ፍርሃተኛውን ከግድ የለሹ፣ ግድ የለሹን ከተቃዋሚው አይለየውም፤ ሁሉንም «ያልመጣ» ብሎ በአንድ ይጨፈልቀዋል። ተመዝግቦ የቀረ ሚሊዮን ሕዝብ ግን በገዢው በራሱ መዝገብ ላይ የሚነበብ ፍርድ ነው። ስለዚህ የምዝገባ ጥያቄ ምርጫን የሚያምንም የማያምንም አብሮ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ከማንም ጋር አንድ ግንባር መፍጠር እንችላለን።

ጥያቄያችንም ግልጽ ነው። የመራጮች መዝገብ ከቀበሌው፣ ከሚሊሻውና ከጸጥታው እጅ ወጥቶ በቦርዱ ብቻ ይያዝ። አከራይ ተከራዩን፣ አሠሪ የቤት ሠራተኛዋን የማስመዝገብ ግዴታ ይኑርበት፤ ይህም ከግብሩ ጥያቄ ይለይ። የስድስት ወሩ ደንብ ለሥራና ለትምህርት ለሚንቀሳቀስ ወጣት ይቅር፤ በሚሲዮኖች ግቢ ሣጥን ይቁም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተዘረጋው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የመሸኛውን ጣጣ ሊያቀል ይችል ይሆናል፤ ይህን በደስታ እንቀበላለን። ግን አንድ ቁጥር ባንኩንም፣ ስልኩንም፣ ምርጫውንም የሚያገናኝ ከሆነ የ1975ቱን ጥያቄ እንደገና ማንሣት ይኖርብናል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. በኦሮሚያ ወጣቶች፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችም ጭምር፣ ለውትድርና በግዳጅ መያዛቸውን ይፋ አድርጓል። አፈሳ የአያቶች ተረት አይደለም። ለምርጫ የተሰጠ ስምና አድራሻ ለምልመላ፣ ለእስር፣ ለስለላ እንደማይውል፣ አሳልፎ የሰጠም ባለሥልጣን በወንጀል እንደሚጠየቅ በሕግ ተጽፎ በፍርድ ቤት እስኪጸና ድረስ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በነቀምቴ አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከመዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ስሙን ከመናገሩ በፊት ቢያመነታ እኛ አንወቅሰውም።